ሕያዋን የአካባቢያቸውን ለውጥ በምን ያውቃሉ? ከጣና ዳር ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ባሕር ዳር ላይ ባዮሎጂ የሚያስተምር ሰው ጥያቄ አያጣም። ሐይቁ ደጃፍ ላይ ነው፤ ልጆቹ ክፍል ውስጥ የሰሙትን ማታውኑ ጣና ዳር ሄደው ይፈትሹታል፣ ያልገጠመላቸውን ደግሞ በማግስቱ ይዘው ይመጣሉ። እዚህ የተሰበሰቡት እንደዚያ እየመጡ የተደጋገሙት ናቸው። ጥቂቶቹን ያነሱት ወላጆች፣ ጥቂቶቹን ዓሣ አጥማጆች ናቸው። ቅደም ተከተሉ የመማሪያ መጽሐፉን አይከተልም። የእምቦጭና የዓሣ መልሶች ረዘም ያሉት ሆን ብዬ ነው፤ እዚህ ከተማ ለሚኖር ሰው ከሁሉም የሚቀርቡት እነሱ ናቸው።

አንድ ሕይወት ያለው ነገር ለውጥን «ያውቃል» ሲባል ምን ማለት ነው?

ሦስት ነገሮች ተሟልተዋል ማለት ነው። ከውጭ የሚመጣ ምልክት አለ፤ ብርሃን፣ ሙቀት፣ ሽታ፣ ንዝረት፣ ንክኪ ሊሆን ይችላል። ምልክቱን የሚይዝ ተቀባይ አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ በሕዋሱ ሽፋን ላይ ያለ ፕሮቲን ነው። ከዚያ መልእክቱ በነርቭ ወይም በሆርሞን ተጉዞ አንድ ሥራ ያሠራል፤ ጡንቻ ይኮማተራል፣ ዕጢ ያመነጫል፣ ግንድ ይጎብጣል። በመማሪያ መጽሐፉ ምልክቱ ማነቃቂያ፣ ሥራው ምላሽ ይባላል።

ለፈተና ይህ ይበቃል። ነገሩን ለመረዳት ግን አንድ ሐሳብ መጨመር አለበት፤ ከዚህ በታች ያሉት መልሶች በሙሉ የሚመለሱት ወደዚሁ ነው። ሕያዋን የሚያነቡት ምልክትን እንጂ ነገሩን ራሱን አይደለም። ኑግ ዝናቡ ሊያበቃ መሆኑን አያውቅም፣ የሌሊቱን ርዝመት ግን ይለካል። የወባ ትንኝ ሰው መኖሩን አታውቅም፣ ትንፋሹን ግን ታሸታለች። ምልክቱና ነገሩ ለረጅም ዘመን አብረው ስለሄዱ ምልክቱን ያመነ ተርፎ ዘር ተካ። ሁለቱ ሲለያዩ፣ በተለይም ሰው ሲለያያቸው፣ ያው ድሮ ያዳነው ምላሽ ዛሬ ያጠፋል።

ተክል ነርቭም አንጎልም የለው፤ በምን ይሰማዋል?

ተቀባይ ፕሮቲን አለው፣ ሆርሞን አለው፤ ለብዙ ሥራ ይህ ይበቃዋል። አፈር ሲደርቅ አብሲሲክ አሲድ የሚባል ሆርሞን በቅጠሉ ውስጥ ይበዛል። የቅጠሉን ጥቃቅን ቀዳዳዎች ግራና ቀኝ የሚጠብቁት ሕዋሳት ይህን ሲያገኙ ፖታሲየማቸውን ያስወጣሉ፣ ውሃውም ተከትሎ ይወጣል፤ ሕዋሳቱ ይሟሽሹና ቀዳዳው ይዘጋል። ተክሉ ውሃ ቆጠበ፤ ግን በዚያው ቀዳዳ ይገባ የነበረው ካርቦን ዳይኦክሳይድም ቀረበት፣ እድገቱም ተገታ። ምላሽ ዋጋ እንዳለው ለተማሪ ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አላገኘሁም።

ቶሎ የሚታይ እንቅስቃሴ የፈለገ «አትንኩኝ» የሚባለውን ተክል ይንካ። የኤሌክትሪክ መልእክት በቅጠሉ ውስጥ ያልፋል፣ መጋጠሚያው ላይ ካሉት ሕዋሳት ውሃ ይሸሻል፣ ቅጠሉ ይታጠፋል። ሳስባንያ በአጥር ጥግ ያለው ሰው ደግሞ ሲመሽ ቅጠሎቹ ጥንድ ጥንድ ሆነው ሲገጠሙ ያያል። እዚህ ላይ አንድ ትልቅ ነገር አለ። ፈረንሳዊው ዣን ዣክ ደ ሜራን እ.ኤ.አ. በ1729 እንዲህ ቅጠሉን የሚያጥፍ ተክል ጨለማ ውስጥ አስቀምጦ ነበር። ቅጠሉ ፀሐይ ሳያይም ቀን ቀን መከፈቱን፣ ማታ ማታ መዘጋቱን አላቆመም። ተክሉ ብርሃንን ብቻ አይከተልም፤ በውስጡም ሰዓት ይቆጥራል ማለት ነው።

እምቦጭ ዳር ላይ አጭርና ወፍራም፣ መሃል ላይ ረጅምና ቀጭን የሆነው ሁለት ዓይነት ስለሆነ ነው?

አይደለም፤ ጣናን የወረረው ይህ የውሃ አረም አንድ ዓይነት ተክል ነው። ብዙ ጊዜ ከአንድ እናት የተባዛ፣ በዘር ቅንጣት የማይለያይ ነው።

ከክምችቱ ጠርዝ ላይ፣ ክፍት ውሃ አጠገብ ካለው አንዱን አንሱ። ቅጠሉን የሚሸከመው ዘንግ መሃሉ ያበጠ ነው፤ በቢላ ብትሰነጥቁት ውስጡ እንደ ስፖንጅ በአየር የተሞሉ ክፍሎች ናቸው። ሲጫኑት ይንጫጫል። ያ አየር ነው የሚያንሳፍፈው። አሁን ደግሞ ጥቅጥቅ ካለው መሃል አንዱን ሳቡ። እብጠቱ የለም ወይም እምብዛም አይታይም፤ ዘንጉ ቀጥ ብሎ ረዝሟል፣ አንዳንዱ አንድ ሜትር ይደርሳል።

ልዩነቱን የሚፈጥረው ጎረቤት ነው። አረንጓዴ ቅጠል ቀዩን ብርሃን ለምግብ ይወስዳል፤ ከቀይ ቀጥሎ ያለውን፣ የእኛ ዓይን በደንብ የማያየውን ሩቅ ቀይ ብርሃን ግን ያንጸባርቃል፣ ያሳልፋልም። ስለዚህ በቅጠል የተከበበ ተክል ጋ የሚደርሰው ብርሃን ቀዩ ያነሰ፣ ሩቅ ቀዩ የበዛ ይሆናል። ፋይቶክሮም የሚባል ፕሮቲን የሁለቱን ሚዛን ይለካል። ሚዛኑ ወደ ሩቅ ቀይ ካደላ «ጎረቤት በዝቷል» ማለት ነው፤ ተክሉም ለመንሳፈፊያ የሚያወጣውን ጉልበት ወደ ቁመት ያዞራል። ተቃቅፈው የቆሙት እርስ በርስ ስለሚደጋገፉ መንሳፈፊያው እንደ ድሮው አያስፈልግም። ጠርዝ ላይ ያለው ደግሞ ነፋስና ማዕበል ይገፋዋል፤ ተንሳፍፎ አዲስ ዳርቻ ይይዛል። አንዱ አካል ሁለት ኑሮ ይኖራል።

እምቦጭ በዘመቻ ተነቅሎ ወጥቶ ሳለ በማግስቱ ዓመት ለምን ይመለሳል?

ሁለት ምክንያት አለ። የመጀመሪያው ቀላል ነው፤ የተረፈ ቁራጭ አጎንቁሎ ይበዛል። ሁኔታው ከተመቸው በሁለት ሳምንት ውስጥ እጥፍ ሊሆን ይችላል። የትውልድ አገሩ የደቡብ አሜሪካው የአማዞን ተፋሰስ ነው፤ ጣና ላይ መኖሩ በይፋ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2011 ነው። እዚህ የሚበላው የለም፣ ከማሳና ከከተማ ታጥቦ የሚገባው ማዳበሪያና ፍሳሽ ግን ይመግበዋል።

ሁለተኛው ምክንያት ዘሩ ነው። ያ የሚያምር ሐምራዊ አበባ ከረገፈ በኋላ አበባውን የያዘው ዘንግ ይጎብጥና ፍሬውን ውሃ ውስጥ ይነክረዋል። ዘሮቹ ደለሉ ውስጥ ይቀበራሉ፣ ጭቃ ውስጥ ሆነው እስከ 20 ዓመት ሳይሞቱ ሊቆዩ ይችላሉ። ምን ይጠብቃሉ? ብርሃንና ሙቀት። ውሃው ሲሸሽና ጭቃው ለፀሐይ ሲጋለጥ፣ ወይም ውሃው ቀጥኖ ብርሃን ታች ሲደርስ፣ ይበቅላሉ። ጥልቅ ጨለማ ውስጥ ያለ ዘር ቢበቅል ላይ ሳይደርስ ይሞት ነበር፤ መጠበቁ ሕይወቱ ነው።

የጣና ውሃ በዓመት ውስጥ ከፍና ዝቅ ይላል፤ ክረምት ሞልቶ በጋ ይሸሻል። የተዘረጋ ሜዳ ባለበት በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ፣ በደምቢያና በፎገራ በኩል፣ ውሃው ትንሽ ሲቀንስ ብዙ መሬት ይገለጣል። ስለዚህ ነቀላው ከማበቡ በፊት ካልሆነ ለሚመጡት ዓመታት ዘር ትተን እንወጣለን። ሺህ ሰው ወጥቶ፣ ጭቃ ውስጥ ቆሞ፣ እጁ እየተላጠ የነቀለውን ሥራ አውቃለሁ፣ አከብረዋለሁም፤ ለዚያ ልፋት ስል ነው ወቅቱን የምደጋግመው።

ኑግ ጥቅምት መድረሱን በምን ያውቃል?

በሌሊቱ ርዝመት። እኛ ከምድር ወገብ ብዙ ስለማንርቅ የቀን ርዝማኔ ልዩነት ያለ አይመስለንም፤ ግን አለ። ባሕር ዳር ላይ በሰኔና በታኅሣሥ መካከል የቀኑ ርዝመት ወደ 1 ሰዓት ከ20 ደቂቃ ይለያያል። ኑግ አጭር ቀን ከሚወዱት ወገን ነው፤ ቀኑ እያጠረ ሌሊቱ እየረዘመ ሲሄድ ቅጠሉ ውስጥ አንድ ፕሮቲን ይሠራል፣ ያ ፕሮቲን በግንዱ ውስጥ ተጉዞ ጫፉ ላይ ይደርሳል፣ ጫፉም ቅጠል ማውጣቱን ትቶ አበባ ይጀምራል። የሚለካው ያው እምቦጭ ላይ ያነሳነው ፋይቶክሮም ነው።

በዝናብ ቢያምን ኖሮ ዝናብ አንድ ዓመት ይዘገያል፣ አንድ ዓመት ይቸኩላል። ሌሊት ግን በየዓመቱ ያው ነው። ለዚህ ነው አርሶ አደሩ ኑጉን ዘግይቶ ቢዘራውም የማበቢያው ጊዜ እንደዚያው የማይዘገየው፤ ሳያድግ ያብባል፣ ምርቱም ይቀንሳል።

የዘጌ ቡና ለምን ሁሉም በአንድ ጊዜ ያብባል?

ቡና ከኑግ የተለየ ምልክት መርጧል። እምቡጡ ጥቂት ሚሊ ሜትር ላይ ሲደርስ እድገቱን ያቆማል፤ አረንጓዴ ሆኖ፣ ተዘግቶ፣ በጋውን ይተኛል። ድርቁ ራሱ ያስፈልገዋል፤ ውሃ ሳይጠማ የቆየ እምቡጥ በደንብ አይነቃም። ከዚያ የመጀመሪያው ደህና ዝናብ ይወርዳል። ውሃው እምቡጡ ውስጥ ይገባል፣ እድገቱ ይቀጥላል፣ በአሥር ቀን ገደማም ነጭ ሆኖ ይፈነዳል። ዘጌ ላይ ከዛፎቹ ጥላ ሥር በእግር የሄደ ሰው ያን ሽታ አይረሳውም። አበባው ሁለት ሦስት ቀን ነው የሚቆየው።

ዝናቡ አንድ ቀን ካፊያ ጥሎ ቢጠፋና ከወር በኋላ ቢመለስስ? የነቃው ነቅቶ የቀረው ይተኛል። አበባው ይከፋፈላል፣ ፍሬውም በአንድ ጊዜ አይበስልም፤ ለቃሚው አንዱን ዛፍ ሦስት አራት ጊዜ ይመላለስበታል።

ዓሣ ድምፅ ይሰማል? ዓሣ አጥማጆች ታንኳ ላይ ዝም የሚሉት እውነት አላቸው?

ይሰማል፤ ግን ሁሉም እኩል አይሰማም። ዓሣ ከውጭ የሚታይ ጆሮ የለውም፣ በራስ ቅሉ ውስጥ ግን የውስጥ ጆሮ አለው። ነጭ ዓሣ የምንላቸውና አምባዛ ተጨማሪ መሣሪያ አላቸው። የአየር ከረጢታቸው በድምፅ ሲንቀጠቀጥ ተከታታይ ጥቃቅን አጥንቶች ንዝረቱን እስከ ውስጥ ጆሮ ያደርሱታል። ቆሮሶ፣ ማለትም ቲላፒያ፣ ይህ የአጥንት ሰንሰለት የለውም፤ ስለዚህ የእነሱን ያህል አይሰማም።

ከጆሮ ሌላ የጎን መስመር አለ። አንድ ዓሣ ገበያ ላይ አንሥታችሁ ጎኑን ከጭንቅላት እስከ ጅራት ብታዩ ቅርፊቶቹ ላይ የተደረደሩ ቀዳዳዎች ይታያሉ። ሥራቸው የውሃን እንቅስቃሴ ማስተዋል ነው። ቀዘፋ ሲመታ፣ መረብ ሲወድቅ፣ ጎረቤቱ ሲዞር ዓሣው በጎኑ ይሰማዋል። በደንገል ታንኳ ቀስ ብሎ የሚቀዝፍ ሰው ልምዱ ትክክል ነው።

ሌላም አለ። ኦስትሪያዊው ካርል ፎን ፍሪሽ እ.ኤ.አ. በ1938 እንዳሳየው፣ የነጭ ዓሣ ዘመድ የሆነች ትንሽ ዓሣ ቆዳዋ ሲቆስል ከቁስሉ የሚወጣው ነገር ሌሎቹን ያስደነግጣል፤ ያሸተቱት ይሰበሰባሉ ወይም ይሸሻሉ።

ክረምት ሲገባ ነጭ ዓሣ ለምን ወደ ወንዝ አፍ ይሰበሰባል?

ሊራባ ነው። ጣና ውስጥ 15 ገደማ የሚሆኑ ትላልቅ የነጭ ዓሣ ዝርያዎች አሉ። እዚሁ ሐይቅ ውስጥ ከጋራ አያት ተለያይተው አንዱ ዓሣ በል፣ ሌላው ነፍሳት በል፣ ሌላው ከሥር ጭቃ ለቃሚ ሆነዋል። በዚህ ዓሣ ወገን እንዲህ ያለ ስብስብ ፊሊፒንስ ውስጥ ላናኦ በሚባል ሐይቅም ነበር፤ ያኛው ከሞላ ጎደል ጠፍቷል። የቀረው የእኛ ነው።

ብዙዎቹ የሚኖሩት ሐይቁ ውስጥ ቢሆንም እንቁላል የሚጥሉት ወንዝ ውስጥ ነው፤ ንጹሕ፣ አየር ያለው ውሃ የሚፈስበት ጠጠር ይፈልጋሉ። ሐይቁ ውስጥ ያለው ጭቃ እንቁላሉን ያፍነዋል። ስለዚህ ሐምሌ አካባቢ ወንዞቹ ሲሞሉ በጉማራ፣ በርብ፣ በመገጭና በግልገል አባይ አፍ ላይ ይሰበሰባሉ፤ ከዚያ ወደ ላይ ይወጣሉ። ነሐሴና መስከረም ላይ እንቁላላቸውን ጥለው ይመለሳሉ፤ ጫጩቶቹም ውለው አድረው ወደ ሐይቁ ይወርዳሉ።

አሁን ምልክትና ነገር እንዴት እንደሚለያዩ ተመልከቱ። የወንዙ መሙላት ለዘመናት «ላይ ጠጠር አለ፣ ውጣ» ማለት ነበር። ዛሬ ያው ጎርፍ ከተራቆተ መሬት አፈር ይዞ ይመጣል፣ ጠጠሩን ያለብሰዋል። ወንዙ ላይ ግድብ ካለ መንገዱ ይቆረጣል። ከሁሉም የሚያሳዝነኝ ግን አፉ ላይ የሚዘረጋው መረብ ነው። ዓሣው በዓመት አንድ ጊዜ፣ በአንድ ቦታ፣ እንቁላል ተሸክሞ ሲሰበሰብ ይያዛል። ሌላ ጊዜ ሐይቁ ላይ ተበትኖ የሚያስቸግረው ዓሣ ያን ሰሞን በቀላሉ ይገኛል፤ የሚጠፋውም በዚያው ልክ ነው። የሚያጠምደው ሰው ልጆቹን ሊያበላ ነው፤ ክፋት አይደለም። ቢሆንም ከሐምሌ እስከ መስከረም አፉን መተው ከምናስበው በላይ ዋጋ አለው። ሐይቁ መሃል ማጥመድና የመራቢያ በር ላይ ማጥመድ አንድ አይደሉም።

አምባዛ በደፈረሰ ውሃና በጨለማ እንዴት ያድናል?

ዓይኑ ትንሽ ነው፤ ብዙም አይመካበትም። ጢሙ ላይ የጣዕም ተቀባዮች አሉ፤ በጢሙ ይቀምሳል። ቆዳው ላይ ደግሞ ደካማ የኤሌክትሪክ መስክን የሚያስተውሉ ተቀባዮች አሉት፤ የማንኛውም እንስሳ ጡንቻና ነርቭ ሲሠራ ትንሽ ኤሌክትሪክ ስለሚያወጣ ጭቃ ውስጥ የተደበቀ ነገርም አያመልጠውም። ውሃው ውስጥ ኦክስጅን ሲያንስ ወደ ላይ ወጥቶ አየር ይተነፍሳል፤ ለዚያ የተሠራ አካል ከስንጥቡ በላይ አለው። ኩሬው ከደረቀ እርጥብ ሣር ላይ እየተሳበ ሌላ ውሃ ይፈልጋል።

በበጋ ጣና ዳር የሚያርፉት ረጃጅም ግራጫ ወፎች የመመለሻ ጊዜያቸውን በምን ያውቃሉ?

ክሬን የሚባሉት ናቸው፤ ከሩቅ ሰሜን የብርዱን ወራት ሸሽተው ይመጣሉ። መምጫቸውን የሚያስታውቃቸው የቀኑ ማጠር ነው። ወፍ ቀኑን የሚለካው በዓይኑ ብቻ አይደለም፤ ብርሃን በራስ ቅሉ አልፎ አንጎሉ ውስጥ ያሉ ተቀባዮች ላይ ይደርሳል። ወደዚህ ከመጡ በኋላ የቀኑ ለውጥ ትንሽ ስለሆነ ጥያቄው በጣም ጥሩ ጥያቄ ነው። በሌሎች ተጓዥ ወፎች ላይ እንደታየው የቀን ርዝመት በማይለወጥበት ክፍል ቢቀመጡ እንኳ የጉዞው ወቅት ሲደርስ ይቁነጠነጣሉ፤ በውስጣቸው የዓመት ሰዓት አለ። የደ ሜራንን ተክል ያስታውሰኛል፤ እዚያ የቀን፣ እዚህ የዓመት።

ጉማሬ ደም ያልበዋል የሚባለው እውነት ነው?

ደም አይደለም፣ ላብም አይደለም። ከቆዳው የሚወጣው ፈሳሽ መጀመሪያ ቀለም የለውም፤ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ቀይ ይሆናል። የፀሐይን ጎጂ ጨረር ይከላከላል፣ ባክቴሪያም እንዳይራባ ያግዳል። አባይ ከጣና በሚወጣበት አካባቢ ቀኑን ውሃ ውስጥ ሆኖ የሚያሳልፈውም ለቆዳው ሲል ነው። ማታ ሣር ሊግጥ ይወጣል፤ በዚያ ሰዓት ውሃ ዳር አትቁሙ።

እስስት ቀለሟን የምትቀይረው ለመደበቅ ነው?

በአብዛኛው አይደለም። ሲበርዳት ትጠቁራለች፣ ሙቀት ለመሳብ። ሌላ እስስት ስታይ ትደምቃለች፣ ለጠብ ወይም ለማግባባት። ቆዳዋ ውስጥ በጣም ጥቃቅን ክሪስታሎች አሉ፤ ሲቀራረቡ ሰማያዊ፣ ሲራራቁ ቢጫና ቀይ ብርሃን ያንጸባርቃሉ። ይህ የታወቀው እ.ኤ.አ. በ2015 ነው።

አሸን ከዝናብ በኋላ የሚፈላው፣ አምፖል የሚከበውስ ለምንድን ነው?

አሸን ምስጥ ነው፤ ክንፍ ያወጡት ወንዶችና ሴቶች። የክረምቱ ዝናብ አፈሩን ሲያርሰው ከብዙ ኩይሳ በአንድ ጊዜ ይወጣሉ። አብረው መውጣታቸው ሁለት ጥቅም አለው፤ ከሌላ ኩይሳ የመጣ ተጓዳኝ ያገኛሉ፣ ወፉና ዶሮው ጠግበው የተረፈው ይበዛል። የረጠበ አፈር ለአዲስ ጎጆም ይቆፈራል።

አምፖሉን በተመለከተ ድሮ ብርሃን «ይስባቸዋል» ይባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ ጥናት በፈጣን ካሜራ ያሳየው ሌላ ነው። ብዙ የሌሊት ነፍሳት ሲበሩ ጀርባቸውን ወደ ብርሃን ያዞራሉ፤ በተፈጥሮ ሌሊት ብሩሁ ሰማይ ስለሆነ ላይና ታችን የሚለዩት በዚህ ነው። አምፖል ጎን ላይ ሲሆን ጀርባቸውን ወደ እሱ ያዘነብላሉ፣ ሳይፈልጉም ይዞሩታል፤ መውጫ ያጣሉ። ምልክቱ ተሰርቋል። የበረንዳችሁን መብራት በማታ የምታጠፉት ለቆጣቢነት ብቻ አይሁን።

የወባ ትንኝ በጨለማ እንዴት ታገኘናለች?

በሦስት ደረጃ። ከሩቅ በትንፋሻችን ውስጥ ያለውን ካርቦን ዳይኦክሳይድ አፏ አጠገብ ባሉት ሁለት ዘንጎች ትለያለች። ስትቀርብ የሰውነት ጠረንን፣ አጠገባችን ስትደርስ ደግሞ ሙቀትና እርጥበትን ትከተላለች። የምትነድፈው ሴቷ ብቻ ናት፤ ደሙን ለእንቁላሏ ትፈልገዋለች። መብራት ማጥፋት ከእሷ አያስመልጥም፤ መተንፈስ ማቆም አይቻልምና። አጎበር የሚሠራው ምልክቱን ስላጠፋ ሳይሆን መንገዱን ስለዘጋና ጨርቁ ላይ መድኃኒት ስላለ ነው። ክረምት ወጥቶ ውሃ ባቆረባቸው ሜዳዎች ዳር፣ ከመስከረም ጀምሮ፣ ሳይሰለቹ መጠቀም ያስፈልጋል።

ሚጥሚጣ የሚያቃጥለን ለምንድን ነው? ዶሮ ስትበላው ለምን አያቃጥላትም?

ምላሳችን ላይ ከ40 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሙቀት ሲደርስ የሚከፈት ፕሮቲን አለ፤ ሥራው «ተቃጠልክ» ብሎ ማስጠንቀቅ ነው። በርበሬ ውስጥ ያለው ካፕሳይሲን በዚሁ ፕሮቲን ላይ ተጣብቆ ይከፍተዋል። አንጎል የሚደርሰው መልእክት ከእሳቱ መልእክት አይለይም፤ ስለዚህ ላብ ይመጣል፣ አፍንጫ ይፈስሳል፣ የተቃጠለ ግን የለም። ዴቪድ ጁሊየስ ይህን ፕሮቲን አግኝቶ እ.ኤ.አ. በ2021 ከአርደም ፓታፑሽያን ጋር የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል፤ ፓታፑሽያን የንክኪውን ተቀባይ ያገኘ ነው።

ወፎችም ያው ፕሮቲን አላቸው፤ የእነሱ ግን ካፕሳይሲንን አይቀበልም። ለበርበሬው ይህ ጥቅም ነው። ወፍ ፍሬውን ውጣ ዘሩን ሳታደቅ ርቃ ትጥለዋለች፤ አይጥ ግን በጥርሷ ትፈጨው ነበር። ለተቃጠለ አፍ ውሃ ብዙም አይረዳም፣ ካፕሳይሲን በውሃ አይሟሟም፤ እርጎ ይሻላል።

እጄ የጋለ ምጣድ ሲነካ ሳላስብ ለምን ይመለሳል?

መልእክቱ አንጎልን አይጠብቅም። ከጣት ወደ ኅብለ ሰረሰር ይገባል፣ እዚያው ተገልብጦ ወደ ክንድ ጡንቻ ይሄዳል። ሕመሙ የሚታወቃችሁ እጃችሁ ከተነሣ በኋላ ነው።

ባክቴሪያስ?

እሱም ያነባል። አንጀት ውስጥ የሚኖረው ኢ. ኮላይ ጅራቶቹን እያሽከረከረ ቀጥ ብሎ ይዋኛል፣ ከዚያ ይገለባበጥና አቅጣጫ ይቀይራል። ምግቡ እየበዛ ከሄደ መገለባበጡን ይቀንሳል። የአሁኑን ከጥቂት ሴኮንድ በፊት ከነበረው ጋር እያነጻጸረ ነው ማለት ነው፤ አንድ ሕዋስ ላለው ፍጡር ይህ ያስደንቀኛል።

ምላሽና መላመድ አንድ ናቸው?

አይደሉም፤ ፈተና ላይ ብዙ ልጅ የሚወድቀው እዚህ ነው። ከባሕር ዳር ተነሥታችሁ ሰሜን ተራሮች ብትወጡ ትንፋሻችሁ ይፈጥናል፣ ልባችሁ ይመታል። ቀናት ስትቆዩ ኩላሊታችሁ በሚያመነጨው ሆርሞን ምክንያት ቀይ የደም ሕዋስ ይጨምራል። ስትወርዱ ይመለሳል። ይህ ምላሽ ነው፤ ሕዋስ የኦክስጅንን ማነስ እንዴት እንደሚያውቅ ያሳዩት ሦስት ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2019 ኖቤል አግኝተውበታል።

እዚያው ተራራ ላይ በ3,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ትውልድ ከትውልድ የኖሩት ሰዎች ግን የተለዩ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ2002 በታተመ ጥናት ሄሞግሎቢናቸውም (በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ፕሮቲን) ሆነ በደማቸው ያለው የኦክስጅን መጠን በባሕር ጠለል ላይ ከሚኖር ሰው የተለየ ሆኖ አልተገኘም። በደቡብ አሜሪካ አንዲስ ተራሮች የሚኖሩት ሄሞግሎቢናቸው ከፍ ይላል። መላመድ የምንለው እንዲህ በዘር የሚወረሰውን ነው፤ በአንድ ሰው ዕድሜ አይመጣም፣ ሲወርድም አይጠፋም።

ቤት ውስጥ ከልጆች ጋር ምን መሞከር ይቻላል?

ገብስ ዝሩ። ቻርልስ ዳርዊን ከልጁ ከፍራንሲስ ጋር ያደረገውና እ.ኤ.አ. በ1880 ያሳተመው ሙከራ ነው፤ የሚያስፈልገው ጣሳ፣ አፈር፣ ካርቶንና ትንሽ ፎይል ብቻ ነው።

በሦስት ጣሳ ዘርታችሁ ጨለማ ውስጥ አኑሩት። ቡቃያው ሁለት ሴንቲ ሜትር ሲደርስ፣ ቅጠሉ ሽፋኑን ሳይቀድ፣ የመጀመሪያውን ጣሳ እንዳለ ተዉት። የሁለተኛውን ቡቃያዎች ጫፋቸውን በፎይል ቆብ ሸፍኑ። የሦስተኛውን ጫፉን ትታችሁ ከሥር ያለውን ክፍል ጠቅልሉ። ሦስቱንም በአንድ ጎኑ ብቻ ቀዳዳ ባለው ካርቶን ውስጥ አስገብታችሁ ቀዳዳውን ወደ መስኮት አዙሩ፣ በማግስቱም ክፈቱ። የመጀመሪያውና ሦስተኛው ወደ ቀዳዳው ጎብጠዋል፤ ጫፉ የተሸፈነው ግን ቀጥ ብሏል። የሚያየው ጫፉ ነው፣ የሚጎብጠው ከታች ያለው ክፍል ነው፤ በመካከል የሚጓዘው ኦክሲን የሚባል ሆርሞን ሲሆን ጥላ ወዳለበት ጎን በዝቶ ያንን ጎን ያስረዝመዋል።

ልጆቹ መልሱን አስቀድመው በወረቀት ላይ ይጻፉ፣ ካርቶኑ የሚከፈተው ከዚያ በኋላ ይሁን። ፎይሉን ስታጠልቁ ጫፉን እንዳትሰብሩት፤ የተሰበረ ጫፍም አይጎብጥምና ውጤቱን ያምታታባችኋል። ለዚህ ሲባል በየጣሳው ቢያንስ አሥር ፍሬ ዝሩ።